ሸክላ ያለው!

ጋሸና መገንጠያ ናት። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው የቻይና መንገድ ላይ ተቀምጣ የላሊበላን ተጓዥ ወደ ሰሜን ትሸኛለች፤ ከእኛ እስከ ላሊበላ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጋሸና የሚያልፍ እንጂ ወደ ጋሸና የሚመጣ ሰው ብዙም አናውቅም። አላፊው መኪና እስኪሞላ ድረስ ሻይ ይጠጣል፣ ብርዱን ይረግማል፣ ይሄዳል። ሻዩን እንሸጥለታለን፤ ብርዱ ምርቃት ነው።

ባለፈው ጥር ግን አንድ ሰው ጋሸናን ብሎ መጣ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለና «እንግዳ ልልክብህ ነው» አለኝ። «ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው፣ ሥራው ዲጄ ነው። አሮጌ ሸክላ ይሰበስባል፤ አደራ እርዳው።» እኔ ይህንን ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ጠላ ትሸጣለች። ጠላ ቤት የገባ ወሬ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዳው ከሚኒባሱ ሲወርድ አራት ማዕዘን ቦርሳ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነበር። ረዳቱ ቦርሳውን ጣራ ላይ ልጫነው ቢለው እምቢ ብሎ፣ ለቦርሳው የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍሎ፣ ከወልድያ ጀምሮ አጠገቡ አስቀምጦት ነው የመጣው። ይህን ያየ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ጎረምሳ፣ የከተማውን ቆራሌ እያስመሰለ «ሸክላ ያለው! አሮጌ ሸክላ ያለው!» እያለ ከፊት ከፊታችን ይሄድ ጀመር።

ቤቴ ስንደርስ አሥራ አንድ ሴቶች በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። በእያንዳንዷ እግር ሥር ሸክላ አለ፤ ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ አንገቱ የተሸረፈ እንስራ።

«ሸክላ ትገዛለህ አሉን» አሉት አንዲት እናት።

«አዎ፣ እማማ። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።»

አፉን ልይዘው ነበር፤ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ጆሮዋ የተሰበረ ጀበና እጁ ላይ አኖሩለት። «እንግዲህ ከዚህች ወዲያ አሮጌ የለም፤ የእናቴ ናት።» ሌላዋ ድስት አቀበሉት። «ይኼኛው የአያቴ ነው።» ልጁ ድስቱን አገላብጦ «ተሰንጥቋል እኮ» ቢላቸው፣ «ስንጥቁም የድሮ ነው» አሉት።

ልጁ በደንብ ያደገ ልጅ ነው። ማንንም ማስቀየም አልፈለገም። የቀረበለትን ሁሉ እየተቀበለ «ቆንጆ ነው፣ በጣም ቆንጆ ነው» ይላል። በእኛ አገር ሻጭ ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነው» ማለት ቀብድ እንደ መክፈል መሆኑን ዋሽንግተን ማንም አልነገረውም።

ጥፋቱ ግን የእሱም የእነሱም አይደለም፣ የቃሉ ነው። ዘፈን የተቀረጸበትን ጥቁር ክብ ነገር «ሸክላ» ያልነው እኛው ነን። የድሮዎቹ ሼላክ ከሚባል፣ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ይሠሩ ነበር፤ ከእጅ ካመለጡም እንደ ጀበና ነው የሚሰበሩት። ስሙ ከሙጫው ይምጣ ከስባሪው ቋንቋ አዋቂዎች ይጨቃጨቁበት። እኔ ሁለቱን ሸክላዎች ለይቼ በረንዳዬ ላይ ሳስረዳ አንደኛዋ ሴት አቋረጡኝ። «ታዲያ ዘፈን ከፈለገ ለምን ዘፈን አላለም?» መልስ አልነበረኝም። ዕቃቸውንም ይዘው አልሄዱም። «ቆንጆ ነው ብሏል፤ ያስብበት» ብለው ትተውት ሄዱ።

ማታ አክስቴ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን እንግዳዬ ሥራውን አስረዳን። የሚያጫውተው ሶል ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከብሉዝ ቀምመው ያወጡት ዘፈን። በሙያው ሕግ ዘፈኑ መጀመሪያ በወጣበት ሸክላ ላይ ካልሆነ ማጫወት ነውር ነው። በኋላ የታተመ አይሆንም። ሲዲ አይሆንም። ከስልክ የሚያጫውት ዲጄማ ሠርግ ላይ ሽሮ ይዞ እንደ መጣ ሚዜ ነው የሚታየው።

ይህ ሃይማኖት የጠነከረው ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ነው። ዊጋን በምትባል ከተማ ከ1973 እስከ 1981 ካሲኖ የሚሉት አዳራሽ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍርበት ያድራል። የሚጨፍርበትም አሜሪካ ውስጥ ገዢ አጥቶ በወደቀ ዘፈን ነው። ታዋቂ ዘፈን አይፈልጉም፤ ሌላው ዲጄ የሌለውን ነው የሚፈልጉት። ፍራንክ ዊልሰን የሚባል ሰው በ1965 አንድ ዘፈን ቀርጾ፣ ሸክላው ገበያ ሳይወጣ ቀረና አብዛኛው ቅጂ ተወገደ። ከተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ሸክላዎች አንዷ በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠች።

«ሃያ አምስት ሺህ ምን?» አለች አክስቴ።

«ፓውንድ።»

«በሬ ስንት ይገዛል?»

ማስላት ጀመርኩና ከብቱ ከጋሸና ግጦሽ ሲበዛብኝ ተውኩት።

«ሰውየው ጎበዝ ዘፋኝ ነበር?»

«ጎበዝ ነበር፣ እማማ። ግን ያኔ ማንም አልሰማውም።»

«ቢሰሙትስ ኖሮ?»

«ያኔማ ሸክላው በየቤቱ ይኖር ነበር፤ ዋጋም አያወጣም።»

አክስቴ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰላሰለችው። «እኔም እንግዲህ ጠላዬን ማንም ሳይቀምሰው ብደፋው ኖሮ እስካሁን ፎቅ ሠርቻለሁ» አለች።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አደባበቃቸው ነው። የዊጋን ዲጄዎች ብርቅ ሸክላ ሲያገኙ ሌላው አይቶ እንዳይፈልገው መሐሉ ላይ ያለውን ስም በወረቀት ይሸፍኑ ነበር። ዘፋኙ ማነው ሲሏቸው ከራሳቸው ፈጥረው ሌላ ስም ይነግሩ ነበር። ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሥር ሊምስ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣው፣ ሰው ቢያገኘው «ለከብቶቹ ነው» የሚለው፣ ዕፁ ምንድን ነው ቢሉት የሌላ ዕፅ ስም የሚጠራው ደብተራ ትዝ አለኝ። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል ይላሉ የእኛዎቹ። እነዚያም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ አይጨፍሩም።

እንግዳዬ ወደ አገሩ የመጣበት ምክንያትም ይኸው ነው። የአሜሪካን ሶል ሁሉም ቆፍሮ ጨረሰው። አሁን ተረኛው የእኛ ነው። ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ዓመቱን በፈረንጅ ይቆጥረዋል፣ እኔም እንደ ሰማሁት በፈረንጅ አወራዋለሁ፤ የእኛን ሸክላ ቁጭ ብለው የቆጠሩልን እነሱ ናቸውና ምን ይደረግ። በመጀመሪያ በ1908 ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ለመኪና ጉዳይ ተልከው ዘፈን ቀርጸው ተመለሱ። ለጃንሆይ መኪና ሊማር ሄዶ ባለሸክላ ሆኖ የሚመጣ ሰው እንግዲህ ወግ አዋቂ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። በኋላ ሸክላ የማስገባቱና የማሳተሙ ሥልጣን በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ዐዋጁን እያወቀ ጣሰው። የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። እስር ቤት እገባለሁ ብሎ ነበር፤ ሳይገባ ከመቶ በላይ ትንንሽና አሥራ ሁለት ትልልቅ ሸክላ አወጣ። ካይፋ የሚባለው የአሊ አብደላ አሳታሚም ነበር፣ ፊሊፕስም ነበር። በጠቅላላው በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ 500 ትንንሽና ወደ 30 ትልልቅ ሸክላ ወጣ። ከዚያ አብዮቱ፣ ሰዓት እላፊው፣ ካሴቱ መጣ። በ1978 ሸክላ አበቃለት። ካሴቱም በተራው ሲሞት እኛ ክሩን ከገብሱ ማሳ ላይ ወጥረን ወፍ አባረርንበት፤ የጋሸና ነፋስ ሲመታው የሚያወጣው ድምፅ ከአንዳንዱ ዘፈን ይሻላል።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ መጣ። ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እነዚህን ዘፈኖች በተከታታይ ሲዲ አወጣቸው። ዓለም ሰማ። ዓለም ሲሰማ ዲጄዎቹ ሲዲውን ናቁና ሸክላውን ፍለጋ ጀመሩ። ዛሬ አንድ የዐምሃ ትንሽ ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፤ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የ1977ቱ እትም ደግሞ ሺሕ ቤት የገባ ነው። የአልበሙ ባለቤት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው። ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ ሸክላውን ፍለጋ የሚዞር ሰው አልነበረበትም ብዬ አልምልም።

«ሁሉ ነገር ኦርጅናል መሆን አለበት» ይላል እንግዳዬ ደጋግሞ።

እኔን ይህ ቃል አያስተኛኝም። ዓለማየሁ እሸቴ ፀጉሩን ከኤልቪስ፣ ጩኸቱን ከጄምስ ብራውን ነው ያመጣው። ያ ሁሉ ወጣት ዘፋኝ አሥመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሬዲዮ ሲያዳምጥ ነው ያደገው። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ፣ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ ኒውዮርክ ላይ በ1966 ሸክላ አስቀርጾ ነው ኢትዮ ጃዙን ይዞልን የገባው። እንግዲህ አሜሪካኑ የፈጠረውን ዘፈን የእኛው ሰው ወስዶ አበሻ አደረገው፣ ሕንድ አተመው፣ ፈረንሳይ ቆጠረው፣ አሁን ደግሞ የዋሽንግተን ልጅ ኦርጅናሉን ፍለጋ ጋሸና መጥቷል። አክስቴን ብትጠይቋት መልሷ አጭር ነው። አምባሰልም ባቲም ቅኝት ከመሆናቸው በፊት የወሎ አገር ናቸው፤ ኦርጅናል የፈለገ አገሩን ሄዶ ይይ።

ደግሞስ ኦርጅናልን ለላስታ ሰው ማን ያስተምረዋል? ላሊበላ ከተማ ለቱሪስት የሚሸጥ የብራና ክታብ አለ። ሻጩ «የጥንት ነው» ብሎ ይምላል። ብራናው ጭስ ቤት ከርሞ የወጣ ነው፤ ዕድሜው ከሻጩ የመጨረሻ ልጅ ያንሳል። ቅርስ ከአገር ማውጣት ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ገዢው «ጥንታዊ ነው» ተብሎ የከፈለበትን ዕቃ፣ ከአገር ሲወጣ አዲስ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይፈልግለታል። ሻጩም ያኔ አዲስ ነው ብሎ ይምላል። አውሮፕላኑ ውስጥ ክታቡ ሕፃን ነው፤ የሰውየው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንደገና ይሸብታል።

በማግሥቱ ጠዋት ፍለጋ ልንወጣ ስንል አንድ የሰፈር ሽማግሌ በሩ ላይ ጠበቁን። አልፈረድኩባቸውም። በፈረንጅ በ1997 የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ተሰርቆ ቤልጅግ ድረስ ሄዶ፣ በስንት ጣጣ በ2001 ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር «አሮጌ ነገር እገዛለሁ» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይታያል።

«ልጄ፣ ይኼ የምትፈልገው ነገር ዕድሜው ስንት ነው?»

«ከሃምሳ ዓመት በላይ ይሆናል፣ አባባ» አላቸው በኩራት። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«የት ነው የተሠራው?»

«ብዙው ሕንድ አገር ነው የታተመው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አወረዱ። «የሕንድ ከሆነ ቅርስ አይደለም፤ ፈልግ።»

ሁለት ቀን ፈለግን። ብዙ ሰው «ነበረን» ይላል። ልጆች እንደ መንኮራኩር አንከባለሉት፣ ፀሐይ ላይ ተረስቶ እንደ እንጀራ ተጠቀለለ፣ ዘመድ ተውሶ ወሰደ። እንግዳዬ እያንዳንዱን ሞት ሲሰማ ነፍስ ይማር ሊል ምንም አይቀረው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ተስፋ ቆርጦ አክስቴ ጓዳ በር ላይ ተቀምጧል። ጠላ ልትቀዳለት የእንስራውን ክዳን አነሣች። ልጁ የመጠጫ ጣሳውን ለቀቀው።

ክዳኑ ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ መሐሉ ቀዳዳ ነው። አተላ ተጋግሮበታል። የባልዋ ነበረ አለችን፤ ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ከሄደበት ይዞት የመጣው ነው። ማጫወቻውን ሸጠው በሬ ገዙበት። ሸክላዋ ግን ለእንስራው አፍ ልክክ አለች። «ቀዳዳዋ መተንፈሻ ናት» አለች አክስቴ። «ጠላ ካልተነፈሰ ይቆጣል። ከፕላስቲክ ክዳን መቶ ጊዜ ትሻላለች።»

ሸክላ በሸክላ ላይ ተከድኖ ሦስት ቀን አጠገቡ ስንጠጣ ነው የከረምነው!

ልጁ በለብታ ውኃ እንደ ሕፃን አጠባት። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ የአርባ ዓመት ጠላ በልቶታል። የዊጋን ዲጄዎች በወረቀት ይሸፍኑት የነበረውን አክስቴ በእርሾ ደምስሳዋለች። ከመሐሉ አጠገብ ግን በመርፌ የተጫረ የመሰለ ቁጥር አለ። ልጁ በስልኩ መብራት አነበበው፤ በግራ እጁ ጋርዶ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ይህቺን መጋረድ አየኋት።

ከቦርሳው ትንሽ የባትሪ ማጫወቻ አወጣ። ወሬው ወጥቶ ጎረቤቱ ሞልቷል፤ ባለጀበናዎቹም ሽማግሌውም መጥተዋል። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ የተሰማው ጭርርር የሚል ነው። «ዘይቱ ሞቀ፣ ሽንኩርት ጨምሩበት» አለ አንዱ። ከዚያ ከበሮ መጣ፣ ጡሩምባ መጣ፣ አንድ ሰው ከሆዱ ጮኸ። እዚያው ላይ መርፌው ተጣብቆ ያንኑ ጩኸት ይመላልሰው ጀመር። አንዱ ትግርኛ ነው አለ። ሌላው ዐረብኛ ነው አለ። እንግሊዝኛ ነው ያለም አለ። ለእኔ «ነይ» የሚል መስሎኛል። ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠግተው ካዳመጡ በኋላ «የሚቀጥለው ቃል ጠፍቶት ነው» አሉ።

እንግዳዬ ግን ምንም አላለም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ምንድን ናት?» አልኩት።

«ተራ ናት» አለ ሳያየኝ። «ለማስታወሻ ያህል ግን አምስት መቶ ብር እሰጣለሁ።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ሰው ለተራ ነገር አያልበውም፤ ያውም በጋሸና ጥር።»

አንድ ሺህ አለ። አምስት ሺህ አለ። ዐሥር ሺህ ሲል ባለጀበናዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ በጨመረ ቁጥር አክስቴ ሸክላዋን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች። ዐሥር ሺህ የሚሰጥ ሰው ስንት ሊያተርፍባት ነው ብላ ፈራች። በመጨረሻ እንዲህ አለችው፦

«ብርህን ያዝ። ዘፋኙን ስሙን ብቻ ንገረኝና በነፃ ውሰዳት። ባሌ ያመጣልኝ ማንን እንደ ሆነ ልወቅ።»

ልጁ አፉን ከፈተ። አክስቴን አየ። እኔን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ስልኩን ደቅኖ የሚቀርጸውን ያንን ጎረምሳ አየ። አፉን መልሶ ዘጋ። መድኃኒቱ ሊረክስበት ነው። በማግሥቱ በወልድያ ሚኒባስ ሄደ፤ ቦርሳው አጠገቡ፣ ሒሳብ ተከፍሎለት።

አሁን በየሳምንቱ ይደውላል። «እንዴት ናት? ደኅና ናት?» ይላል። አክስቴን ማለቱ አይመስለኝም። ሸክላዋ አሁን ከመሬት ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። እንስራው ፕላስቲክ ለብሷል፤ ጠላውም ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ ደንበኛ ቀንሷል።

በረንዳዬ ላይ የቀሩት አሥራ አንዱ ሸክላዎች ግን የእኔ ዕዳ ሆነዋል። «እንግዳህ ቆንጆ ነው ብሏል» ብለው የአራቱን አስከፍለውኛል፤ በሰባቱ ላይ ሽማግሌ ተቀምጧል። ጀበና ወይም ድስት የምትፈልጉ አንባቢዎች ወደ ላሊበላ ስታልፉ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ጎራ በሉ። ሁሉም ኦርጅናል ናቸው፤ ስንጥቃቸውም ጭምር።